የጋዜጠኝነት ትምህርት ቤት እንዴት ተጀመረ? ከሚዙሪ እስከ እኛ አካባቢ



በዚህ እትም የታሪክ አምዳችን ስለ አንድ ትምህርት ቤት እንጽፋለን። ምክንያታችን ከተማሪዎቻችን በተደጋጋሚ የሚመጣብን ጥያቄ ነው። ጥያቄው ሁለት መልክ አለው። አንደኛው «ጋዜጠኝነት ዩኒቨርሲቲ ገብተው የሚማሩት ነገር ነው ወይስ ተሰጥኦ ያለው ሰው ዝም ብሎ የሚሠራው?» የሚል ነው። ሁለተኛው ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚመጣ ነው። «ዩኒቨርሲቲ መግባት ያልቻለ ሰውስ ተስፋ አለው?» ይላል። ሁለቱንም በምክር ከመመለስ በታሪክ መመለስ ይሻላል ብለን በአሜሪካ አገር ሚዙሪ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘውን የጋዜጠኝነት ትምህርት ቤት መረጥን። ለምን ይህን ያህል ሩቅ ሄዳችሁ እንዳትሉን። የዚህ ትምህርት ቤት ታሪክ የሚያኮራም የሚያሳፍርም ገጽ አለው፤ ሁለቱም ገጾች ደግሞ እኛን ይመለከቱናል።

በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ እንገልጻለን።

ሙያው ከማተሚያ ቤት ሳይወጣ

በ19ኛው ክፍለ ዘመን አሜሪካ ውስጥ ጋዜጠኛ ለመሆን ትምህርት ቤት መግባት የሚባል ነገር አልተለመደም ነበር። ልጁ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ማተሚያ ቤት ይቀጠራል። ወለል ይጠርጋል፣ ቀለም ያቀብላል፣ የእርሳስ ፊደላት እየለቀመ ይደረድራል። ሲደረድር ማንበብ ይለምዳል፤ ሲያነብ መጻፍ ይለምዳል፤ ዕድል ከቀናው አንድ ቀን አዘጋጅ ይሆናል። የኛም አገር ታሪክ ከዚህ ብዙ አይርቅም። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ አዲስ አበባ ላይ የወጣው «አእምሮ» ጋዜጣ መጀመሪያ በእጅ እየተጻፈ ነበር የሚሠራጨው። በ1925 በተጀመረው «ብርሃንና ሰላም» ጋዜጣ ላይ ይጽፉ የነበሩትም ሰዎች ሥራውን የተማሩት ከሥራው ነው።

ሙያውን ወደ ከፍተኛ ትምህርት የማስገባት ሐሳብ የመጣው ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በኋላ ነው። በጦርነቱ የተሸነፈው የደቡብ ጦር አዛዥ የነበሩት ሮበርት ሊ፣ ከጦርነቱ በኋላ የኮሌጅ ፕሬዚዳንት ሆነው ሲሠሩ፣ በ1869 ለጋዜጠኝነት ተማሪዎች ነጻ የትምህርት ዕድል እንዲሰጥ ሐሳብ አቀረቡ። ሐሳቡ ብዙም አልዘለቀም። ሚዙሪ ዩኒቨርሲቲም በ1870ዎቹ መጨረሻ ስለ ጋዜጠኝነት ታሪክ የሚያስተምር አንድ ኮርስ ጀምሮ ነበር። በፈረንሳይ ደግሞ በ1899 ፓሪስ ውስጥ የጋዜጠኝነት ትምህርት ቤት ተከፈተ። ስለዚህ የሚዙሪ ሰዎች «የዓለም የመጀመሪያው እኛ ነን» ሲሉ ፈረንሳዮቹ ዝም ብለው አይሰሙም። የሚዙሪው ልዩነት በዩኒቨርሲቲ ውስጥ የራሱ ዲን፣ የራሱ መምህራንና የራሱ ዲግሪ ይዞ መቋቋሙ ነው። የታሪክ ተማሪ «የመጀመሪያው» የሚል ቃል ባየ ቁጥር «በምን መለኪያ?» ብሎ መጠየቅ አለበት።

ተቃውሞው ከሁለት ወገን ነበር የመጣው። ብዙዎቹ ነባር አዘጋጆች «ጋዜጠኛ በክፍል ውስጥ አይፈጠርም፤ ዜና ክፍል ይግባና ይሠቃይ፣ ያኔ ይማራል» ይሉ ነበር። አንዳንድ ፕሮፌሰሮች ደግሞ «ይኼ የእጅ ሙያ ነው፤ ከሕግና ከሕክምና እኩል እንዴት ይቀመጣል?» አሉ። አንዱ ወገን ትምህርቱን ናቀ፣ ሌላው ሙያውን ናቀ። ትምህርት ቤቱ የተወለደው በነዚህ ሁለት ንቀቶች መካከል ነው።

ዩኒቨርሲቲ ያልገቡት ዲን

ዋልተር ዊሊያምስ በ1864 በሚዙሪ ወንዝ ዳር ባለችው በቡንቪል ከተማ ተወለዱ። ለቤተሰቡ የመጨረሻ ልጅ ሲሆኑ፣ ገና በልጅነታቸው እናትም አባትም አጡ። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በከተማቸው ጨርሰው በቀጥታ ማተሚያ ቤት ገቡ። ከዚያ በኋላ የሚቀጥለው ትምህርት ለሳቸው አልነበረም። ኮሌጅ አልገቡም።

ከማተሚያ ቤት ተነስተው በሃያዎቹ ዕድሜያቸው የጋዜጣ አዘጋጅ ሆኑ። በ1889 ደግሞ የሚዙሪ ጋዜጦች ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ። በዓመቱ ዩኒቨርሲቲው ወደሚገኝበት ኮሎምቢያ ከተማ ሄደው የአንድ ሳምንታዊ ጋዜጣ አዘጋጅነት ያዙ። በ1904 ሴንት ሉዊስ ከተማ የዓለም ኤግዚቢሽን ሲዘጋጅ የየአገሩን ጋዜጠኞች የመጋበዝ ኃላፊነት ተሰጥቷቸው ብዙ አገር ዞሩ። ዩኒቨርሲቲውን በሚያስተዳድረው ቦርድ ውስጥም አባል ሆኑ። እንግዲህ ዩኒቨርሲቲ ተምረው የማያውቁ ሰው፣ ከጋዜጦች ማኅበር ጓደኞቻቸው ጋር ሆነው፣ ዩኒቨርሲቲው የጋዜጠኝነት ትምህርት ቤት እንዲከፍት ዓመታት ሙሉ ወተወቱ።

በመጨረሻ ተሳካ። ትምህርት ቤቱ መስከረም 14 ቀን 1908 ሥራ ጀመረ። ዲኑ ዋልተር ዊሊያምስ ሆኑ። ከሳቸው ጋር የነበሩት መምህራን ሁለት ብቻ ናቸው፤ ሳይላስ ቤንትና ቻርልስ ሮስ። ይኸው ቻርልስ ሮስ ከብዙ ዓመታት በኋላ የፕሬዚዳንት ትሩማን የፕሬስ ጸሐፊ የሆኑት ናቸው። ሦስት መምህር ብቻ! በየካምፑ ትምህርት ቤት «መምህር አነሰ፣ ሕንጻ የለም» እያልን ለምናዝነው ይኼ መጽናኛ ይሆነናል። ትምህርት ቤቱ የራሱ ሕንጻ ያገኘው ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ ነው፤ ኔፍ አዳራሽ የተባለው ሕንጻ የተጠናቀቀው በ1920 ነበር።

እየሠሩ መማር

ትምህርት ቤቱ በተከፈተበት በዚያው ቀን አንድ ነገር አደረገ። ጋዜጣ አወጣ። «ዩኒቨርሲቲ ሚዙሪያን» ይባል ነበር፤ ቆይቶ «ኮሎምቢያ ሚዙሪያን» የሚል ስም ያዘ። ይህ ጋዜጣ ለመለማመጃ ተብሎ መሳቢያ ውስጥ የሚቀመጥ አልነበረም። ለከተማው ሕዝብ የሚሸጥ፣ ማስታወቂያ የሚቀበል፣ ከሌሎቹ ጋዜጦች ጋር የሚፎካከር እውነተኛ ጋዜጣ ነበር። ዘጋቢዎቹ ተማሪዎች፣ አራሚዎቹ መምህራን ነበሩ።

እንዲህ ያለው ነገር ያለ ጠብ አይሄድም። በመንግሥት ገንዘብ የሚተዳደር ዩኒቨርሲቲ እንዴት ከግል ጋዜጦች ጋር ገበያ ይሻማል የሚል ቅሬታ ወዲያው ተነሣ። መፍትሔ ሆኖ የመጣው ጋዜጣውን በባለቤትነት የሚይዝ ራሱን የቻለ ማኅበር ማቋቋም ነበር። በዚህ መንገድ ጋዜጣው ከመንግሥት ካዝና ተለይቶ መሥራቱን ቀጠለ።

ይህ አሠራር እስከ ዛሬ «የሚዙሪ ዘዴ» እየተባለ ይጠራል። ለምን ይህን ያህል ሠራ? በኛ አስተያየት ሦስት ምክንያቶች አሉት።

አንደኛ፣ ጊዜ አይጠብቅም። ለመምህር የሚሰጥ ድርሰት ቢዘገይ ነጥብ ይቀነሳል፤ ጋዜጣ ግን ማተሚያው ሲጀምር ጀመረ ነው።

ሁለተኛ፣ አንባቢው እውነተኛ ሰው ነው። የአንድ ነጋዴ ስም ተሳስቶ ቢወጣ ነጋዴው ራሱ በማግሥቱ በር ላይ ይቆማል። ተማሪው ያን ቀን ስለ ማጣራት የሚማረውን አሥር ሌክቸር አያስተምረውም።

ሦስተኛ፣ መምህሩም ይፈተናል። ተማሪው ጽፎ መምህሩ አርሞ ያሳለፈው ስሕተት የሁለቱም ስሕተት ነው።

በኒውዮርክ የሚገኘው የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የጋዜጠኝነት ትምህርት ቤት የተከፈተው ከሚዙሪ አራት ዓመት ዘግይቶ፣ በ1912 ነው። (የሚዙሪዋ ከተማም ኮሎምቢያ ስለምትባል ሁለቱን እንዳታምታቱ!) እሱን ያቋቋመው ታዋቂው የጋዜጣ ባለቤት ጆሴፍ ፑሊትዘር ለዩኒቨርሲቲው የሰጠው 2 ሚሊዮን ዶላር ነው። ፑሊትዘር ራሱ ከሃንጋሪ የተሰደደ፣ እንግሊዝኛን አሜሪካ ገብቶ የተማረ ሰው ነበር። ትምህርት ቤቱ ሲከፈት ግን አላየም፤ በ1911 ሞተ።

ቅርንጫፉ ሲሰፋ

ዊሊያምስ በ1914 ለጋዜጠኞች የሚሆን የሥነ ምግባር መርሕ ጻፉ። ፍሬ ነገሩ ጋዜጣ የሕዝብ አደራ ነው፣ ጋዜጠኛም ከልቡ እውነት ነው ብሎ ያላመነበትን መጻፍ የለበትም የሚል ነው። መርሑ በነሐስ ሰሌዳ ተቀርጾ በዋሽንግተን የጋዜጠኞች ክበብ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል።

ትምህርት ቤቱ በፍጥነት አደገ። በ1910 ሜሪ ፓክስተን የመጀመሪያዋ ሴት ተመራቂ ሆነች። በ1921 የመጀመሪያው የማስተርስ ዲግሪ፣ በ1934 ደግሞ በጋዜጠኝነት የመጀመሪያው ዶክትሬት ተሰጠ። በ1953 ዩኒቨርሲቲው የቴሌቪዥን ጣቢያ ከፈተ፤ ጣቢያው እንደ ጋዜጣው ለከተማው በእውነት የሚያሠራጭ ሆኖ የተማሪዎች መማሪያም ነው። በ1972 ሬዲዮ ተጨመረ። ትምህርት ቤቱ መቶኛ ዓመቱን ባከበረበት በ2008 ደግሞ በአንድ የእርዳታ ድርጅት የ31 ሚሊዮን ዶላር ስጦታ የተሠራ የጋዜጠኝነት ምርምር ተቋም ተመረቀ።

ባሕር ማዶም ተሻግሯል። በ1920ዎቹ ቤጂንግ በነበረው የንቺንግ ዩኒቨርሲቲ የጋዜጠኝነት ትምህርት ሲቋቋም የሚዙሪ ሰዎች እጅ ነበረበት። በ1936 የማኦን ጦር ዋሻ ድረስ ሄዶ ማኦ ዜዱንግን ያነጋገረውና «ቀይ ኮከብ በቻይና ላይ» የሚለውን መጽሐፍ የጻፈው ኤድጋር ስኖው በሚዙሪ የተማረ ነበር።

ዊሊያምስስ? በ1931 የዩኒቨርሲቲው በሙሉ ፕሬዚዳንት ሆኑ። ጊዜው ታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት የነበረበት፣ በጀት የተቆረጠበት ክፉ ጊዜ ነበር። ኮሌጅ ገብቶ የማያውቅ ሰው ዩኒቨርሲቲን በዚያ ዘመን መራ። በ1935 አረፉ። ለሁለተኛው ጥያቄያችን የመልሱ አንድ ግማሽ ይኼ ነው።

የተዘጋው በር

ሌላኛው ግማሽ መራራ ነው። ዊሊያምስ ትምህርት ቤቱን ሲከፍቱም፣ ዩኒቨርሲቲውን ሲመሩም፣ ለጥቁር ተማሪ በሩ ዝግ ነበር። የሚዙሪ ሕግ ጥቁርና ነጭ ለየብቻ ይማሩ ይላል። ለጥቁሮች የተመደበው ጄፈርሰን ሲቲ የሚገኘው ሊንከን ዩኒቨርሲቲ ነበር። ይህ ተቋም ራሱ ታሪክ አለው። በ1866 የመሠረቱት በእርስ በርስ ጦርነቱ የተዋጉ ጥቁር ወታደሮች ናቸው። ብዙዎቹ ከባርነት የወጡ፣ በጦር ሰፈር ውስጥ ፊደል የቆጠሩ ሰዎች ነበሩ፤ ከደመወዛቸው አዋጥተው ነው ትምህርት ቤት ያቆሙት። ካምፕ ውስጥ ሆኖ ትምህርት መጀመር አዲስ ነገር አለመሆኑን ከነሱ እንማራለን።

ሉሲል ብሉፎርድ በ1911 ተወለዱ። በ1932 ከካንሳስ ዩኒቨርሲቲ በጋዜጠኝነት ተመርቀው «ካንሳስ ሲቲ ኮል» በተባለው የጥቁሮች ጋዜጣ ይሠሩ ነበር። ለማስተርስ ወደ ሚዙሪ አመለከቱ። ማስረጃቸው ሙሉ ስለነበር በደብዳቤ ተቀበሏቸው፤ ወረቀቱ ላይ የቆዳ ቀለም አልተጻፈም። በጥር 1939 ሊመዘገቡ በአካል ሲቀርቡ ግን ጥቁር መሆናቸው ታየና ተመለሱ። ማስረጃው ያው፣ ውጤቱ ያው፣ ሰውየዋ ያቺው። የተለወጠው ፊታቸው መታየቱ ብቻ ነው።

ከዚያ አንድ ወር ተኩል ገደማ በፊት፣ በታኅሣሥ 1938፣ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሎይድ ጌንስ ጉዳይ ውሳኔ ሰጥቶ ነበር። ጌንስ ሚዙሪ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ለማጥናት አመልክቶ በዘሩ ምክንያት የተከለከለ ወጣት ነው። ፍርድ ቤቱ ሚዙሪ ለነጭ የምትሰጠውን ትምህርት ለጥቁር ነዋሪዋም በግዛቷ ውስጥ መስጠት አለባት፣ ሌላ ቦታ ሄደህ ተማር ማለት አይበቃም ብሎ ፈረደ። ጌንስ ግን አልተማረበትም። በ1939 ቺካጎ ውስጥ እንደወጣ ቀረ፤ የደረሰበት ሳይታወቅ እስከ ዛሬ አለ።

ብሉፎርድ ይህን ፍርድ ይዘው ሙግት ገጠሙ። ጠበቃቸው የጌንስን ጉዳይ የያዙት ቻርልስ ሂዩስተን ነበሩ። በጠቅላላው 11 ጊዜ አመለከቱ፣ 11 ጊዜ ተከለከሉ። በ1941 የሚዙሪ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሊንከን ዩኒቨርሲቲ ትምህርቱን ማዘጋጀት ካልቻለ ሚዙሪ ሊቀበላቸው ይገባል የሚል አቋም ያዘ። ይሄኔ በሩ ተከፈተ ብላችሁ ይሆናል። አልተከፈተም። በ1942 ሚዙሪ የጋዜጠኝነት ትምህርት ቤቱን የድኅረ ምረቃ ክፍል በሙሉ ዘጋው! የተሰጠው ምክንያት በጦርነቱ ሳቢያ ተማሪና መምህር አነሰ የሚል ነው። በዚያው ዓመት ሊንከን ዩኒቨርሲቲ ለጥቁሮች የጋዜጠኝነት ትምህርት ጀመረ።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ጋዜጣ የሕዝብ አደራ ነው የሚል መርሕ የወጣበት ቤት፣ አንዲት ጋዜጠኛ እንዳትገባ ብሎ የራሱን ክፍል እስከ መዝጋት ደረሰ። ጥሩ መርሕ መጻፍና በመርሑ መኖር የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ይህንን የምንለው ትምህርት ቤቱን ለማዋረድ አይደለም። የትኛውም ተቋም፣ የኛም ጭምር፣ ግድግዳው ላይ በለጠፈው ሳይሆን በሩ ላይ በሚያደርገው እንዲመዘን ነው።

ብሉፎርድ በሚዙሪ አልተማሩም። ወደ ጋዜጣቸው ተመለሱ። ጻፉ፣ አዘጋጁ፣ በ1955 ዋና አዘጋጅ ሆኑ፣ በኋላም የጋዜጣው ባለቤት ሆኑ። ሚዙሪ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያዎቹን ጥቁር ተማሪዎች የተቀበለው በ1950 ነው። በ1984 ይኸው የጋዜጠኝነት ትምህርት ቤት ለብሉፎርድ የክብር ሜዳሊያ ሸለማቸው፤ በ1989 ዩኒቨርሲቲው የክብር ዶክትሬት ሰጣቸው። እሳቸው በ2003 በ91 ዓመታቸው አረፉ። በ2018 ደግሞ በግቢው አንድ የተማሪዎች ማደሪያ በስማቸው ተሰየመ። በሩን የዘጋባቸው ግቢ ዛሬ ተማሪ የሚያሳድረው በስማቸው ነው።

ወደ እኛ አካባቢ

በምሥራቅ አፍሪካም የጋዜጠኝነት ትምህርት ቀስ እያለ ገብቷል። የናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ የጋዜጠኝነት ትምህርት ቤት በ1970 በዩኔስኮና በአንዳንድ የአውሮፓ መንግሥታት ድጋፍ ተቋቋመ። የኡጋንዳው ማከሬሬ ዩኒቨርሲቲ በ1988 የብዙኃን መገናኛ ትምህርት በዲግሪ ደረጃ ጀመረ። በኢትዮጵያ በ1996 የመገናኛ ብዙኃን ማሠልጠኛ ተቋም ሥራ ጀመረ፤ በ2004 ደግሞ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በኖርዌይ ትብብር የማስተርስ ትምህርት ከፈተ። ይህ ትልቅ እርምጃ ነበር። ነገር ግን በዓመቱ፣ ከ2005ቱ ምርጫ በኋላ፣ ብዙ የግል ጋዜጦች ተዘጉ፤ ጋዜጠኞች ታሰሩ፤ ብዙዎችም ተሰደዱ። ትምህርት ቤት ብቻውን ሙያውን አያድነውም። የተማረ ጋዜጠኛ የሚጽፍበት ቦታ ከሌለ ዲግሪው ግድግዳ ላይ ይቀራል።

የሚገርመው ግን ከተሰደዱት አንዳንዶቹ ሥራውን ይዘው መሰደዳቸው ነው። በ2008 መጨረሻ በኬንያ ካኩማ ካምፕ ስደተኞች ራሳቸው የሚያዘጋጁት «ካነሬ» የተባለ ነጻ ጋዜጣ ተጀመረ። ከጀማሪዎቹ መካከል ከኢትዮጵያ የተሰደዱ ይገኙበታል። ሕንጻ አልነበራቸውም፤ ዲን አልነበራቸውም። የነበራቸው አንባቢ ነው። የሚዙሪ ዘዴ የሚባለው ፍሬ ነገሩ ይኸው አይደል?

ታዲያ ምን እንያዝ?

የመጀመሪያውን ጥያቄ እንመልስ። ጋዜጠኝነት ትምህርት ይፈልጋል። ተሰጥኦ ያለ ማጣራት፣ ያለ እርማት፣ ያለ ሥነ ምግባር አደጋ ነው። ግን ትምህርቱ ከሥራው ሲለይ ይደርቃል። ስለዚህ የክፍል ጋዜጣችሁን እንደ ቤት ሥራ አትዩት። ግድግዳ ላይ በእጅ ተጽፎ የሚለጠፍ ወረቀትም ቢሆን የሚያነበው ሰው ካለ ጋዜጣ ነው። የውኃ ቦኖው በስንት ሰዓት እንደሚከፈት ትክክል አድርጎ መጻፍ የጋዜጠኝነት አንደኛ ክፍል ነው። አንድ ሰዓት ብትሳሳቱ ጄሪካን ተሸክማ የምትመለስ እናት አለች።

ሁለተኛው ጥያቄ ከባድ ነው፤ አናቃልለውም። ከኛ ከመምህራኑ መካከል ዩኒቨርሲቲ ጀምረን ያቋረጥን አለን። ከተማሪዎቻችን መካከል ውጤታቸው በቂ ሆኖ ሳለ ስደተኛ በመሆናቸው ወይም የድሮ ማስረጃቸው ስለጠፋ ብቻ ከመመዝገቢያ መስኮት የተመለሱ አሉ። ለነሱ «ዊሊያምስም አልተማሩም፣ አይዟችሁ» ማለት ግማሽ እውነት ነው። ዊሊያምስ ኮሌጅ ባይገቡም በሩ ለሳቸው ቀለም ክፍት ነበር። ብሉፎርድ ዲግሪ ይዘው እንኳ ተመለሱ። ስለዚህ የሁለቱን ታሪክ አብረን መያዝ አለብን። ከዊሊያምስ፣ ያለ ዲግሪም ቢሆን ሥራን አጥብቆ መያዝን። ከብሉፎርድ፣ ሥራን እየሠሩ በሩን ማንኳኳት አለማቆምን፤ የተከለከሉበትንም ቀን በጽሑፍ ማስቀመጥን። 11 ጊዜ መከልከላቸውን ዛሬ የምናውቀው ተመዝግቦ ስለቆየ ነው።

እናም ተማሪዎቻችን፣ ማመልከቻ ስታስገቡ ቀኑን ጻፉ። መልሱን አስቀምጡ። መልስ ካልመጣም አለመምጣቱን ጻፉ። ይህም ታሪክ ነው፤ ነገ የሚያነበው አለ።

ለክፍል ውይይት

1. ነባር አዘጋጆቹና ፕሮፌሰሮቹ የጋዜጠኝነት ትምህርት ቤትን የተቃወሙበት ምክንያት የተለያየ ነበር። የትኛው ይበልጥ ያሳምናችኋል? ለምን?

2. ሚዙሪ በ1942 የድኅረ ምረቃ ክፍሉን ሲዘጋ የሰጠውን ምክንያት እንዴት ታዩታላችሁ? አንድ ተቋም የሰጠው ምክንያት እውነተኛው ምክንያት መሆኑን በምን ማጣራት ይቻላል?

3. በቡድን ሆናችሁ ስለ ካምፑ አንድ ዜና ጻፉ። ከመለጠፋችሁ በፊት ቢያንስ ሁለት ሰው ጠይቃችሁ አረጋግጡ። ስሕተት ከተገኘ እርማቱን በዚያው ቦታ ለጥፉ።

በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ፣ መልካም ንባብ!